ካሜራዬን ልይ ብዬ የፕሪንተሬን ቀለም አየሁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ ቤት ራውተር የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ጽሑፉ በደህና ተጀምሮ ነበር። መሃል ላይ ግን ከውጭ የሚመጣን ጥሪ ቤት ወዳለ ዕቃ ማስገቢያ የሆኑትን ሁለቱን የራውተር ትእዛዞች፣ ፖርት ፎርዋርዲንግንና ፖርት ትሪገሪንግን፣ በአንድ ትንፋሽ ጠራቸውና ሁለቱም ያው ፖርት መክፈቻ ናቸው ብሎ አለፈ። ይባስ ብሎ ለቤት ካሜራ ትሪገሪንግ ይሻላል፣ ደህንነቱ የተጠበቀ ነው አለ። እዚህ ላይ ነው የቆረቆረኝ። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ አምኜ ስንት ምሽት ራውተር ፊት ተቀምጬ እንዳመሸሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ደብዳቤዬ ቢረዝም ታገሱኝ።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያስፈልግ። ቤት ውስጥ ስልክ አለ፣ ላፕቶፕ አለ፣ ቴሌቪዥን፣ ካሜራ፣ ፕሪንተር አለ። ራውተሩ ለእያንዳንዱ የውስጥ አይፒ አድራሻ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር ነው። ይህ አድራሻ ከግቢው ውጭ አይሠራም። እናንተ ቤት 192.168.1.5 የሚባል ዕቃ አለ፣ እኔም ቤት አለ፣ በሌላ አህጉር ያለ ሰው ቤትም አለ። ለውጩ ዓለም የሚታየው ራውተሩ ከኢንተርኔት አቅራቢው የተቀበለው አንድ አድራሻ ብቻ ነው። ከውስጥ የሚወጣውን ሁሉ በዚያ በአንዱ አድራሻ ስም ያወጣል፤ መልስ ሲመጣ ደግሞ ይሄ የላፕቶፑ፣ ይሄ የስልኩ እያለ ያከፋፍላል። ይህን ሥራ ናት ይሉታል። የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው፤ "እሷ ናት" ከሚለው ጋር እንዳይምታታባችሁ።

የሚያከፋፍለው በመዝገብ ነው። ላፕቶፑ ሲወጣ ይመዘግባል፣ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ያደርሳል። ማንም ሳይጠራው ከውጭ የመጣ ግን መዝገብ ላይ የለም። ለማን ይስጠው? ስለማያውቅ ይጥለዋል። መጣሉ ደግሞ ጥሩ ነው፤ አብዛኛውን ቀን የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከውጭ የሚመጣውን እንግዳ እኛው ራሳችን ስንጠብቀው ነው። ለምሳሌ ከሥራ ቦታዬ ሆኜ የቤቴን ካሜራ ማየት ስፈልግ፣ ወይም የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ የማይንክራፍት ጨዋታ ሰርቨር ከፍቶ ጓደኞቹ እንዲገቡ ሲፈልግ።

ስለ ፖርት አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ፖርት እዚህ ላይ ቁጥር ነው እንጂ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አይደለም። የሚያሳዝነው ሁለቱንም ፖርት ነው የምንላቸው። አንድ ወዳጄን በስልክ "ፖርት ክፈት" ብዬው፣ በኋላ ቤቱ ስሄድ ራውተሩን ገልብጦ ከኋላው ያሉትን ቀዳዳዎች ሲቆጥር አገኘሁት። አልፈረድኩበትም። ቁጥሮቹ እስከ 65535 ይደርሳሉ። አንድ ዕቃ ላይ ብዙ ፕሮግራም ስላለ፣ የመጣው ነገር ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚለየው በዚህ ቁጥር ነው። ድረ ገጽ በ80 እና በ443 ነው፣ የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተርን ከሩቅ ማዘዣው) በ3389፣ ያ የልጁ ማይንክራፍት በ25565።

አሁን ወደ ጠቡ። ፎርዋርዲንግና ትሪገሪንግን የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቀድሞ የሚናገረው ማነው? ውስጥ ያለው ነው ወይስ ውጭ ያለው?

ውጭ ያለው ከሆነ ፎርዋርዲንግ ነው የሚያስፈልገው። ራውተሩን "በዚህ ፖርት የመጣውን ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለ192.168.1.12 አድርስ" ትሉታላችሁ። ትእዛዙ ቋሚ ነው። ተኝታችሁም ይሠራል፣ ከቤት ወጥታችሁም ይሠራል፣ እናንተ ስትረሱትም ይሠራል። በተለይ ስትረሱት።

ትሪገሪንግ ሌላ ነው። እዚያ ትእዛዙ "ከውስጥ ማንኛውም ዕቃ በዚህ ፖርት ሲወጣ ካየህ፣ እነዚህን የመግቢያ ፖርቶች ለእሱ ክፈትለት፤ ለተወሰነ ደቂቃ ዝም ካለ ዝጋ" የሚል ነው። መጀመሪያ ከውስጥ የሚቀሰቅስ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው። የቆየው ምሳሌ አይአርሲ የሚባለው የድሮ ቻት ነው። እናንተ በ6667 ትወጣላችሁ፤ አንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ ከማስገባቱ በፊት ማን እንደሆናችሁ ለመጠየቅ በ113 በኩል ተመልሶ ይመጣል። ይህ ለላካችሁት ነገር መልስ አይደለም፣ በሌላ ፖርት የመጣ አዲስ ጥሪ ነው፤ ስለዚህ ናት መዝገቡ ላይ አያገኘውም፣ ይጥለዋል። ትሪገሪንግ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው የተሠራው። 6667 ሲወጣ ካየህ 113ን ክፈት፣ አለቀ።

ጥቅሙ አይካድም። የዕቃውን አይፒ መጻፍ አያስፈልግም፤ ራውተሩ ማን እንደቀሰቀሰው አይቶ ለእሱ ይሰጣል። ላፕቶፑም ቀሰቀሰው ኮምፒውተሩ፣ ለሁለቱም ይሠራል። ግን ለሁለቱም በአንድ ጊዜ አይደለም። በሩን አንዱ ይዞት ሳለ ሌላው መጠበቅ አለበት። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ጨዋታ በሁለት ዕቃ ከጀመሩ፣ አንዱ ይገባል ሌላው ያለቅሳል።

እንግዲህ የእኔን ስህተት ስሙ። ካሜራ ገዛሁ። ፎርዋርዲንግ አደገኛ ነው፣ ትሪገሪንግ ሲያስፈልግ ብቻ ይከፈታል ሲሉ ሰማሁና ትሪገሪንግ ሞላሁ። ከውጭ ሞከርኩ፣ የለም። ፖርቱን ቀየርኩ፣ የለም። ስልክ ደውዬ ብጠይቅ አጥፍተህ አብራው ተባልኩ፤ አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ስንት ቀን ራውተሩን ስረግም ከረምኩ መሰላችሁ። ራውተሩ ምን አጠፋ? የእኔ ካሜራ ቁጭ ብሎ እስኪጠሩት የሚጠብቅ ዕቃ ነው። ከውስጥ ማንንም አይጠራም። የሚቀሰቅስ ከሌለ ምን ይከፈታል? እኔ ውጭ ቆሜ አንኳኳለሁ፣ በሩ ደግሞ ውስጥ ያለው ካልወጣ ላይከፈት ተማምሏል።

ፎርዋርዲንግ የሞላሁት ይህ ከገባኝ በኋላ ነው። አሞላሉ እንኳ ከባድ አይደለም። ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብሎ የራውተሩን ገጽ መክፈት ነው፤ ስምና ፓስወርዱ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር ስቲከር ላይ አለ። እስካሁን ያንን ፓስወርድ ካልቀየራችሁት ይህን ደብዳቤ እዚህ ላይ አቁሙና እሱን ቀይራችሁ ተመለሱ። ከዚያ ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚለውን መፈለግ ነው። አንዳንዱ ራውተር ላይ ቨርቹዋል ሰርቨር ተብሎ ነው የተጻፈው፣ አንዳንዱ ላይ አድቫንስድ የሚለው ውስጥ ተደብቋል። የሚሞላው አራት ነገር ነው። የውጭ ፖርት፣ የውስጥ ፖርት፣ የዕቃው አይፒ፣ እና ቲሲፒ ወይስ ዩዲፒ የሚለው (ሁለቱ መረጃ የሚጓዝባቸው ስልቶች ናቸው)። የውጩና የውስጡ ፖርት የግድ አንድ መሆን አያስፈልጋቸውም። እኔ ውጩን 8080 አድርጌ ውስጡን 80 አልኩት፤ ሁለተኛ ካሜራ ቢኖረኝ ውጩን 8081 አደርግለትና ውስጡን ያው 80 እተወዋለሁ። ቲሲፒና ዩዲፒን በግምት አትሙሉ። የፕሮግራሙ መመሪያ ዩዲፒ ካለ፣ ቲሲፒ ብትሞሉ ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ ምንም አይሠራም።

ሠራልኝ። ደስ አለኝ። ከሥራ ቦታ የቤቴን በር አየሁት።

ከዚያ አንድ ቀን መብራት ሄዶ መጣ። በማግስቱ ካሜራዬን ልይ ብዬ ከፈትኩ። የመጣው ገጽ ጥቁር ቀለም ይህን ያህል ቀርቷል፣ ቢጫ ሊያልቅ ነው፣ ወረቀት የለም ይላል። የገዛ ፕሪንተሬ ነው! መብራት ሲመለስ ሁሉም ዕቃ ከራውተሩ እንደ አዲስ አድራሻ ሲጠይቅ፣ ፕሪንተሩ ቀደመና 192.168.1.12ን ወሰደ። ካሜራው ሌላ ቁጥር ደረሰው። የእኔ ፎርዋርዲንግ ግን ካሜራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ፕሪንተሩም እንደ ካሜራው በ80 የሚከፈት ገጽ ስላለው፣ የመጣውን ሁሉ በደስታ ተቀበለ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደነገጥኩ። ስንት ሰው ይሆን የቤቴን ፕሪንተር ሲጎበኝ ያደረው?

ስለዚህ ከፎርዋርዲንግ በፊት አድራሻውን ማስያዝ ነው። ራውተሩ ላይ ዲኤችሲፒ (አድራሻ የሚያድለው ክፍል) የሚለው ውስጥ ሪዘርቬሽን የሚባል ነገር አለ። የዕቃውን ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠውን መለያ ቁጥር) ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያንን ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት። (ይህቺ እንኳ የእኛዋ ናት ነች።) ፎርዋርዲንግ ዛሬ ሠርቶ ነገ እምቢ ካለ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ሰውን የሚያደክመው ሙከራው ነው። እዚያው ቤት፣ በዚያው ዋይፋይ ተቀምጣችሁ የውጩን አድራሻ ብትከፍቱ አንዳንዱ ራውተር አያስገባችሁም። ከውስጥ ወጥቶ ወደ ራሱ መመለስ አይችልም። ፎርዋርዲንጉ ደህና ሆኖ ሳለ የተበላሸ ይመስላችኋል። ከስልካችሁ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩ። ፖርት የሚፈትሹ ድረ ገጾችም አሉ፤ ግን አንድ ነገር እወቁ። ውስጥ በዚያ ፖርት ጥሪ የሚጠብቅ ፕሮግራም ከሌለ ራውተሩ ቢፈቅድም ዝግ ነው ይሏችኋል። የእህቴ ልጅ ሰርቨሩን ሳያስነሳ ፖርቱን ሲፈትሽ ውሎ ራውተሩ ተበላሽቷል ብሎኝ ያውቃል። ሰርቨሩን ካስነሳ በኋላም እምቢ አለ፤ ለካ የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው ዘግቶ የያዘው። ራውተሩ የግቢ በር ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የራሱ የቤት በር አለው።

ሦስተኛውን ጽሑፋችሁ ጨርሶ አላነሳውም፤ እኔ ደግሞ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁሉንም በትክክል ሞልታችሁ፣ አድራሻውን አስይዛችሁ፣ በዳታ ሞክራችሁ፣ አሁንም የለም። እንዲህ ሲሆን ራውተሩ ገጽ ላይ ዋን ወይም ኢንተርኔት በሚለው ሥር የተጻፈውን አይፒ እዩ። ከዚያ "የእኔ አይፒ ስንት ነው" የሚያሳይ ድረ ገጽ ክፈቱና አወዳድሩ። ከተለያዩ ከራውተራችሁ በላይ ሌላ ናት አለ ማለት ነው። ሁለት ራውተር አያይዛችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ብሪጅ ማድረግ፣ ማለትም ናት ሳይሠራ ዝም ብሎ እንዲያሳልፍ ማድረግ፣ መፍትሔ ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ ያያችሁት አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ ከእናንተ እጅ ወጥቷል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኢንተርኔት አቅራቢዎች የተመደበ አድራሻ ነው። የአይፒቪ4 አድራሻ በጠቅላላው ወደ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ ለዓለሙ ዕቃ ሁሉ አይበቃም፤ ስለዚህ አቅራቢው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ያካፍላል። ከውጭ የመጣ ጥሪ አቅራቢው ዘንድ ነው የሚወድቅ፣ የእናንተ ራውተር ጋ አይደርስም። እዚህ ላይ ፖርት መቀያየር ድካም ነው። አቅራቢውን የራሴ የሆነ የውጭ አድራሻ ስጡኝ ብሎ መጠየቅ ነው ያለው፣ ወይም ከውስጥ የሚጀምር መንገድ መፈለግ። የውጩ አድራሻ የራሳችሁ ሆኖ በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነ ግን አትጨነቁ፤ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የሚባለው ቁጥሩን እየተከተለ በአንድ ስም እንድትጠሩት ያደርጋል።

ስለ አደጋው ጽሑፋችሁ ያለው እውነት ነው፤ ትሪገሪንግ ለካሜራ መድኃኒት ነው ማለቱ ነው ስህተቱ። ፎርዋርዲንግ ስትከፍቱ ለእናንተ ብቻ አይደለም የምትከፍቱት። ቀን ከሌት የኢንተርኔትን አድራሻ ሁሉ እየዞሩ የተከፈተ ፖርት የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ። 3389ን ወደ 53389 ቀይሬዋለሁ፣ ማን ያገኘዋል የሚል ሰው አውቃለሁ። ያገኙታል። ትንሽ ይዘገያሉ እንጂ ያገኙታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ምንም የረቀቀ ነገር አላደረገም፤ ከውጭ የሚደረስባቸውን ካሜራዎች፣ የቪዲዮ መቅጃዎችና ራውተሮች እየፈለገ ከፋብሪካ የመጡ የተለመዱ ስሞችና ፓስወርዶችን ሞከረ፣ ገባ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን እነዚያ የሰው ቤት ዕቃዎች ተባብረው ዳይን የተባለውን የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይር አገልግሎት) ድርጅት ሲያጥለቀልቁት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ለሰዓታት ለብዙ ሰው አልከፍት አሉ። ባለቤቶቹ ካሜራቸው ጦርነት መዝመቱን የሚያውቁ አይመስለኝም።

ዲኤምዜድ የሚለውንማ አትንኩት። ፖርት መፈለግ ሲታክታቸው እሱን የሚያበሩ አሉ። ሌላ ትእዛዝ የሌለውን ፖርት ሁሉ ለአንድ ዕቃ መልቀቅ ነው። ዩፒኤንፒ ደግሞ ብዙ ራውተር ላይ ሳትጠይቁት በርቶ ይገኛል። ውስጥ ያለ ፕሮግራም ሳያስፈቅዳችሁ ለራሱ ፖርት እንዲከፍት ይፈቅዳል። ለጨዋታ ምቹ ነው፤ ግን የገባ ቫይረስም ፕሮግራም ነው። ጨርሳችሁ ባታጠፉት እንኳ ዝርዝሩን ገብታችሁ እዩ። እኔ ሳይ ከዓመት በፊት ለሰው የሰጠሁት ዕቃ ስም ተጽፎ አገኘሁ።

ታዲያ ካሜራውን እንዴት ነው የማየው? የካሜራ አምራቾች አፕ ያላቸው ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ፎርዋርዲንግም ትሪገሪንግም አይፈልጉም፤ ካሜራው ራሱ ከውስጥ ወጥቶ የአምራቹን ሰርቨር ያገኛል፣ እናንተም በዚያ በኩል ትገናኙታላችሁ። ቀድሞ የተናገረው ውስጥ ያለው ነዋ! ምስሌ በሰው ሰርቨር በኩል አይለፍ ለሚል ደግሞ ቪፒኤን አለ፤ ከውጭ ሆናችሁ ወደ ቤት የምትገቡበት የተቆለፈ መንገድ ነው። እኔ የካሜራውን ፎርዋርዲንግ ሰርዤ ራውተሩ ላይ ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን አስነሳሁ። አሁን ለውጭ የተከፈተው አንድ የዩዲፒ ፖርት ነው፣ 51820። ዋየርጋርድ ቁልፍ ለሌለው ሰው መልስም አይሰጥ፤ የሚያንኳኳው ሰው ቤት መኖሩን እንኳ አያውቅም። ስልኬ ቁልፉን ይዞ ሲገባ ቤት እንዳለ ይቆጠራል፣ ካሜራውን በውስጥ አድራሻው ያየዋል። ይህ ግን የራሳችሁ የውጭ አድራሻ ካላችሁ ነው።

ለእህቴ ልጅ 25565ን ከፍቼለታለሁ። እሱ ፎርዋርዲንግ ነው፣ ሌላ መንገድ አልፈለግኩለትም፤ ጓደኞቹ ናቸውና ከውጭ የሚጀምሩት። ተጫውቶ ሲጨርስ ራሱ ገብቶ ትእዛዙን እንዲያጠፋ አሳይቼዋለሁ። ሁለቴ ረስቷል፣ ሁለቴም ደውዬለታለሁ።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በጽሑፉ መሃል ያለችው ትንሽዬ ሠንጠረዥ ላይ ካሜራ ከሚለው አጠገብ ትሪገሪንግ ተብሎ ተጽፏል። በሚቀጥለው እትም እሱን አርሙልኝ። ያንን አይቶ ዛሬ ማታ ራውተሩ ፊት የሚቀመጥ ሰው አለ።

አክባሪያችሁ፣
ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ

ይድረስ ለጠየቃችሁኝ ወዳጆቼም፦ ፕሪንተሩ አሁን 192.168.1.20 ላይ ነው። ቢጫው ቀለም አልቋል።